ስማቸውን አልጠራም

ሴማርዲህ መንደር፣ መስከረም 18 ቀን 1953 እ.ኤ.አ.

በዓይን ለማላውቅዎት በደም ለማውቅዎት ለአክስቴ ለዱካልሂን፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ የበሉት ይስማማዎት። እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ አባቴም እናቴም ወንድሜ ፋጉራምም በሬዎቹም።

እኔ ሱክዋሮ ነኝ፣ የአጎትዎ ልጅ የቢርሲንግ ልጅ። አያውቁኝም፣ እርስዎ ሲሄዱ እኔ አልተወለድኩም። ከአሳም የተመለሰ አንድ ሰው ገበያ ላይ አባቴን አግኝቶት፣ ዱካልሂን የምትባል የናንተ መንደር ሴት ናሆርቶሊ ሻይ እርሻ አለች፣ በሕይወት አለች ብሎት ነው። አባቴ ሞታለች ብሎ ነበር የተቀመጠው። ጻፊላት አለኝ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ከዛ ዳሩኝና ቀረ፣ የዳሩኝ ልጅ ደሞ ቤቱ ሳልገባ በፈንጣጣ ሞተ፣ መልኩንም በደንብ አላየሁት። ስለዚህ እዚሁ አባቴ ቤት ነኝ፣ አሁን አስራ ዘጠኝ ሆኖኛል። በቤታችን ፊደል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ጻፊ ያለኝ ይሄን ነው፣ አግብታለች ወይ፣ ማንን፣ የማን ወገን ነው። አለቀ የሱ። አሁን "ምን ትጽፊያለሽ ይሄን ሁሉ፣ እኔ ይሄን ያህል አልተናገርኩም" እያለኝ ነው፣ ሰላምታው ነው የረዘመው አልኩት።

ይሄ የኔ ነው። ዘንድሮ ቦጃሊ አደረግን። እርስዎ ያውቁታል፣ ስንዴውን በቅርጫት ዘርተን ጨለማ ክፍል አስቀምጠን የእርድ ውሃ እያጠጣን ቢጫ ሆኖ ሲያድግ እየዘፈንን ኩሬ ወሰድነው፣ ከዛ አንዲት የመንደራችን ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ ከቡቃያው ነቅላ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ፣ እኔም ጆሮዋ ላይ። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ስሟን አልጠራም፣ እሷም የኔን። ቦጃሊ ብቻ ነው የምንባባለው፣ እንደ እህት ሆነን፣ እስክንሞት። መንደሩ ውስጥ ስንት ልጅ ቦጃሊ አለው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም። ግን አክስቴ፣ እጇ ጆሮዬ ጋ ትንሽ ቆየ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እኔ ምግቤን የምበላው በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም፣ ሩዝ ስተክል አጠገቧ ካልሆንኩ ረድፉ ይጣመምብኛል። እሷ ትስቅብኛለች። "ቦጃሊ፣ ሩዝ ነው የምትተክዪው እባብ?" ትለኛለች።

የምፈራው ነገር አለ። እኔ ባሌ የሞተብኝ ስለሆንኩ ሰርግ አያስፈልገኝም፣ ቀን መቁረጥም የለም፣ ማንም ወንድ አምባር ይዞ መጥቶ እጄ ላይ ካደረገ ሚስቱ ነኝ። ውጭ የሰው ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አምባር የያዘ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ከዚህ ቤት ከወጣሁ እሷን አላያትም።

እርስዎም ቦጃሊ ነበርዎት? ለምን እንደምጠይቅ አላውቅም።

አባቴ መብራቱን ልወስደው ነው አለ።

ልጅዎ ሱክዋሮ


ናሆርቶሊ ሻይ እርሻ፣ አሳም፣ ኅዳር 10 ቀን 1953

ለልጄ ለሱክዋሮ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፣ ዓይንሽን ከእንባ ይጠብቀው። አባትሽንና እናትሽን ሰላም በዪልኝ፣ አልሞትኩም በያቸው።

መጀመሪያ፣ እርስዎ አትበዪኝ፣ ጀርባዬን ቅጠል የሞላ ቅርጫት ያጎበጠው ይበቃል። በዚህ ቤት እሳቸው የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ይሄንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

የቅጠሉ ጊዜ እያለቀ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ጨካኝ ነበር። እሳቸውን ሳል ይዟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል፣ ግን የእርሻውን ጸሐፊ ሲሰድቡ ሳሉ ይመለስባቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ሳይሰድቡት አይውሉም።

አባትሽ አግብታለች ወይ ካለ፣ ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ስር ሸምግላለች በዪው። ስማቸውን አልጠራም። ለምን እንደማይጠራ አባትሽ ያውቃል።

ስለ ቦጃሊሽ የጻፍሽውን ደግመው እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። አነበቡልኝ። ልጄ፣ ስትጽፊ ቀስ በዪ። ጮክ ብለሽ የምታነቢውንና ለራስሽ የምታነቢውን ለዪ።

ስለዚያ ስለ አምባሩ፣ የመጣ ነገር ካለ ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ሴማርዲህ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1953

ለአክስቴ፣ የሻዩ ብርድ አይንካሽ፣ የእሳቸውም ሳል ይልቀቃቸው።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፣ አባቴ ደስ አለው፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገና "በቃ አግብታለች፣ ስሙን አልጠራም ካለች አግብታለች፣ ጨዋ ሴት ናት፣ አሳም ሄዳም ሥርዓቷን አልረሳችም" አለ። እናቴ ግን "ልጅ ወልዳለች አላለችም እንዴ?" አለችኝ፣ አላለችም አልኳት። እናቴ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ያንን ለራስሽ አንብቢ ያልሽውን ዘልዬዋለሁ፣ ያየ ሰው አለ ብዬ ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነበር።

አክስቴ፣ ያ የፈራሁት ሰው መጥቷል። ጉሃራም ይባላል፣ የወዲያኛው መንደር ሰው ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሦስት ልጆች አሉት። አባቴ ጋ ተቀምጦ ስለ በሬ ሲያወራ ዋለ፣ እያወራም እኔን ነበር የሚያየው፣ ሲሄድ "እጇ ባዶ ሆኖ ስንት ዓመቱ ነው?" አለ። አባቴ ከመከር በኋላ እናያለን አለው። መከሩ ደሞ እያለቀ ነው።

ሮጬ ለቦጃሊዬ ነገርኳት። እሷም ያው ናት፣ አባቷ በጥሎሽ ፈንታ ቤታቸው አገልግሎ የሚያገባት አንድ ልጅ አስቀምጦ ነበር፣ ልጁ የባቡር ሐዲድ ሥራ አለ ሲባል ጠፋ። አሁን አባቷ ሌላ አገልጋይ ሙሽራ እየፈለገላት ነው። "ባንድ ቤት የሁለት ወንድማማቾች ሚስት እንሁን፣ ሙሉ ቀን አብረን እንፈጫለን፣ እነሱ እንደፍጥርጥራቸው" አለችኝ። ከዛ የባሰ ነገር አሰበች፣ "ወንድምሽ ፋጉራም እኮ አላገባም፣ እኔ እናንተ ቤት ልግባ፣ አንቺን ደሞ አባትሽ እዚሁ ያስቀምጥሽ" አለችኝ። እኔ ጅል ልቤ ዘለለ። እቤት ሄጄ እናቴን በጨዋታ መሃል ነካ አደረግኳት፣ ፋጉራም እንዲህ ያለች ልጅ ቢያገባ አልኳት።

እናቴ ማጭዷን አስቀመጠች። "እኔስ ምን አስቤ ኖሯል?" አለችኝ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ለወንድምሽ ሳያት ነበር የከረምኩት። እሱም ያያታል፣ አይናገርም እንጂ። እናንተ ግን ሄዳችሁ ቡቃያ ተሰካካችሁ። አሁን እሷ ልጄ ናት፣ ፋጉራም ወንድሟ ነው። ወንድም እህቱን ያገባል? ማን አድርጉ አላችሁ?"

ማንም አላለንም አክስቴ። እኛው ነን። የበለጠ እንድንጣበቅ ብለን ያደረግነው ነው፣ በገዛ እጃችን በሩን ዘጋነው። ቦጃሊዬ ይሄን ስነግራት ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ የታጠበውን ልብስ መልሳ አጠበችው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። እሳቸው ማናቸው? ለአባቴ አይደለም፣ ለኔ።

ሱክዋሮ


ናሆርቶሊ፣ ጥር 16 ቀን 1954

ለልጄ ለሱክዋሮ፣ ሰላም ከበርሽ አይራቅ።

እኛ ደህና ነን። ዛፎቹ ተገርዘዋል፣ እጃችን አርፏል፣ እሳት እንሞቃለን። ጉሃራም ያልሽው ሰው በሬ የሚወድ ከሆነ በሬውን ያግባ በዪልኝ ለአባትሽ። አይ፣ አትበዪው።

እኔ ከቤት የወጣሁት ሰብል በጠፋበት ዓመት ነው። ለሻይ እርሻ ሠራተኛ ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር መጣሁ፣ መርከቡ ላይ ሰው ሁሉ በቤተሰብ በቤተሰብ ተቀምጦ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ከዛ አንድ ሌላ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አየሁ። ወንዙን ስንሻገር ከአንድ መዳፍ ውሃ ጠጣን። ከዛ ቀን በኋላ ስም አልተጠራራንም። እዚህ ላይ ይብቃኝ። የቀረውን የሚጽፉት ይጨምሩበት፣ እጃቸው ቆሟል፣ ሳሉ አይደለም።

ልጄ ሱክዋሮ፣ አሁን የምጽፈው እኔው ነኝ። አክስትሽ እሳቸው የምትለኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ራምሺላ ነው፣ ይሄ ስም ለወንድ አይወጣም። አክስትሽ ይሄን ስም ጠርታው አታውቅም፣ እኔም የሷን። እኛን ያላየን ሰው ሁሉ ባሏን ነው የማትጠራው ይላል፣ እኛም ተሳስታችኋል ብለን አናውቅም፣ ምክንያቱም ብዙም አልተሳሳቱም። ጎረቤት ሲጠይቅ ከአንድ መዳፍ የጠጣን እህትማማች ነን እንላለን፣ እሱም እውነት ነው። ይሄን ለራስሽ አንብቢና እሳት ውስጥ ጨምሪው። እኔ በልጅነቴ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ ነው።

አክስትሽ ምን ጻፍሽ እያለችኝ ነው። ሰላምታ ነው አልኳት።


ሴማርዲህ፣ የካቲት 12 ቀን 1954

ለአክስቴ እና ለእሳቸው፣ የሁለታችሁም እግር ስር ነኝ፣ ዛሬ ሰላምታ ማሳመር አልችልም።

ደብዳቤውን አቃጥዬዋለሁ። ከማቃጠሌ በፊት ለቦጃሊዬ አነበብኩላት፣ ሸንኮራ ማሳው ጥግ። ስታዳምጥ አፏን በሻሿ ይዛ ነበር። "አሉ ማለት ነው" አለች፣ "እንደኛ አሉ፣ ሸምግለውም አሉ።" ከዛ ደግሚልኝ አለችኝ።

ከዛ ገበያው ነበር፣ የመከር ማብቂያው ትልቁ ገበያ፣ ከየመንደሩ ሰው የሚመጣበት። አምባር ሻጯ ምንጣፏን ዘርግታ ቁጭ ብላለች፣ ቦጃሊዬ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር አነሳች። ሻጯ "ላንቺ ነው?" አለቻት። "ለሷ።" "እሷ ባሏ የሞተባት አይደለች እንዴ፣ እኔ ላይ ነገር እንዳታመጡ።" "ነገሩ እኔ ላይ ይምጣ፣ አንቺ አምባርሽን ሽጪ" አለቻት። ማድረግ የሻጯ ሥራ ነው፣ እሷ ግን ከሻጯ እጅ ወስዳ ራሷ አደረገችልኝ፣ አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ አጥፋ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ አንዱ ተሰበረና ቆረጠኝ፣ ደሙን በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝ። ሌላ ጨመረችበት። "አሁን አምባር ይዞ የመጣ ሰው ካለ እጄ ሙሉ ነው በዪው" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ አክስቴ። ምን እንዳደረገች አልገባኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

እቤት ስገባ እናቴ እጄን አየች። በሩን ዘጋችው። አባቴ ግን ጮኸ፣ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ መቼ ነው፣ ጉሃራም ምን ይለኛል። ጉሃራም እራሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፣ ሰማሁ ብሎ፣ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ።

ዛፉ ስር ሰው ሁሉ መጣ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ "አምባሩን ማን አደረገልሽ?" አለኝ።

አምባሩን ያዝ አድርጌ "ስማቸውን አልጠራም" አልኩ።

አባቴ ሊመታኝ ተነሳ። ሳማሪን የምትባል አሮጊት አለች፣ ጥርስ የላትም፣ ከሴቶቹ መሃል ሳቀች። "ምን ያስነሳሃል ቢርሲንግ፣ ልጅቷ ትክክል ናት። የባል ስም ይጠራል? የኔ ሰውዬ ስሙ ከዱባ ጋር ስለሚመሳሰል ዕድሜ ልኬን ዱባን 'ክቡ' እያልኩ ነው የኖርኩት። ገበያ ላይ ክቡ ስጪኝ ስል ስንቴ ድስት ሰጥተውኛል።" ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጉሃራም አልሳቀም። "እሺ ስሙ ይቅር። ሰውየው ካለ ለምን አልመጣም? ፈሪ ነው።"

"ፈሪ አይደሉም" አለ አንድ ድምፅ። ቦጃሊዬ ናት። ሁሉም ዞረ። አክስቴ በዚያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

"አንቺ ታውቂዋለሽ?" አላት ሽማግሌው።

"ቦጃሊዋ አይደለሁም እንዴ። እሷ የምታውቀውን አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ተናገሪያ፣ ላንቺ ባልሽ አይደለም።"

"እሷ ያልጠራችውን ስም እኔ ብጠራ ነገ እንዴት አብሬያት ውሃ እቀዳለሁ? ግን እነግራችኋለሁ። አይጠጡም። ሰው አይማቱም። እርሻ ያውቃሉ፣ ረድፋቸው ቀጥ ያለ ነው።"

"ከብት አላቸው?" አለ ጉሃራም።

"ያንተን ያህል የላቸውም፣ ግን ሰው ቤት ሄደው ስለ ከብት አያወሩም።"

ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንድሜ ፋጉራም ግን ከዛፉ ግንድ ተደግፎ እሷን አየ፣ ከዛ እጄን አየ፣ አምባሩን፣ ከዛ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ፍርዱ ይሄ ነው። ሰውየው ከሆሊ በዓል እሳት በፊት መጥቶ ለሽማግሌዎቹ ግብዣ ያብላ። ካልመጣ አምባሩ በድንጋይ ይሰበራል፣ ጉሃራም የራሱን ያመጣል። የቦጃሊዬም አባት ከሆሊ በኋላ አዲሱ አገልጋይ ሙሽራ ይመጣል ብሏል።

የሚመጣ ሰው የለም አክስቴ። የመጣው መጥቷል። ምን ላድርግ። ቶሎ ጻፊልኝ፣ ምንም ይሁን ጻፊልኝ።

ሱክዋሮ


ሴማርዲህ፣ መጋቢት 3 ቀን 1954

አክስቴ መልስ የለም። ፖስተኛው መንደሩ ውስጥ ሲገባ እኔ መንገዱ ላይ ነኝ፣ አልፎኝ ይሄዳል። ልጆቹ ለሆሊ እሳት እንጨት እየከመሩ ነው፣ ክምሩ በየቀኑ ያድጋል። የጻፍኩት ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይሆን? እሳቸው ታመው ይሆን? ደህና ሁኑልኝ ብቻ። ካልደረሰሽ ይሄ ይድረስሽ።


ናሆርቶሊ፣ መጋቢት 1 ቀን 1954

ለውድ ልጃችን ለሱክዋሮ፣ አባትሽን እናትሽን ወንድምሽን በክብር እጅ እንነሳለን።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰን። እዚህ የሚጠብቁሽ ደህና ናቸው፣ መንገዱ ሩቅ ሆኖባቸው ነው እንጂ ራሳቸው በመጡ ነበር። የእርሻችን አለቃ ቡድሁ ሰው ለመሰብሰብ ቢላስፑር ባቡር ጣቢያ አጠገብ እስከ ሆሊ ዋዜማ አለ። ደህና ሰው ነው። የአክስትሽን ስም ንገሪው፣ መንገዱንም ምግቡንም እሱ ይችላል። ሴት ልጅ ብቻዋን ሩቅ አገር አትሄድም፣ ቦጃሊሽ ትሸኝሽ።

ቤቱ ተለስኗል። እንግዳ የሚቀበል ቤት ነው።

አክስትሽ


ቢላስፑር ባቡር ጣቢያ፣ መጋቢት 17 ቀን 1954

አክስቴ፣ ይሄ ከኔ ይቅደም አይቅደም አላውቅም፣ ግን ካልጻፍኩ እጄ ሥራ ፈትቶ ልቤ ሊፈነዳ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰው እኔ ወንዝ ወርጄ ሳለሁ ነው። አባቴ ተቀበለው፣ እኔን አልጠበቀም፣ መምህሩ ጋ ወስዶ አስነበበው። እኔ ስመለስ ደጃፉ ላይ ደብዳቤውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ባልዲው ከእጄ ወደቀ። ቀና ብሎ አየኝና "አሳም ነው ለካ" አለኝ።

ባልዲውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

"ዱካልሂን ናት ያገናኘችሽ፣ አምባሩንም በሰው ልከውልሻል፣ ለዚህ ነው ቀን ከሌት ስትጽፊላት የነበረው። 'መንገዱ ሩቅ ሆኖባቸው' ትላለች፣ እሳቸው ባይ፣ ባሏንም እሳቸው፣ ያንቺንም እሳቸው" አለ። ከዛ ሳቀ አክስቴ። አባቴ ሲስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ። ፍየል ሸጦ ግብዣውን ራሱ አበላ፣ ልጄ የሻይ እርሻ ሰው አግብታለች ብሎ ለሽማግሌዎቹ ተናገረ። ጉሃራም በልቶ ሄደ። እሳቸው ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንደሚያነበው አውቀው ነው የጻፉት፣ አይደል? እጃቸውን ልስምላቸው።

ግን የቦጃሊዬ አባት እስከ ጣቢያው ብቻ ነው ያላት። ፋጉራም ሁለታችንን አምጥቶ እኔን አሳፍሮ እሷን ሊመልሳት። እናቴ ስንወጣ እኔን አቀፈችኝ፣ ከዛ እሷን አቀፈቻት፣ እሷን ቶሎ አልለቀቀቻትም።

እዚህ ደረስን። ቡድሁ አገኘን፣ አሮጌ ሰው ነው፣ የዱካልሂን ልጆች ናችሁ አለን፣ ልጆች አለ፣ ሁለታችንን። ፋጉራም የሩዝ ፈንዲሻ ልግዛላችሁ ብሎ ሄደ። ያኔ ቦጃሊዬ ተነስታ ለእርሻው የሚመዘገቡት ሰዎች ሰልፍ ውስጥ ገባች። መዝጋቢው አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀት ላይ ተጫነው።

ፋጉራም ሲመለስ ጣቷን አየ። ቀለሙን። ፈንዲሻው እጁ ላይ ነው።

"አባቷን ምን ልበለው?" አለኝ እኔን፣ እሷን አላያትም።

እሷ ናት የመለሰችለት። "ወንድሜ፣ እህቴን ሸኘኋት በለው።"

"የትኛዋን?" አላት።

ፈንዲሻውን ጭኔ ላይ አስቀመጠና በሰው መሃል ወደ በሩ ሄደ። ዞር አላለም። ወደ ቤት ሄዶ ይሆናል፣ የአጎቷ ልጅ ደሞ እዚሁ ገበያ ውስጥ ሱቅ ጠባቂ ነው፣ እሱን ሊጠራ ሄዶ ይሆናል። አላውቅም። በሩን እያየሁ ነው የምጽፈው። ቦጃሊዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጣቷን በሳሪዋ ታሻሻለች፣ ቀለሙ አይለቅም።

ባቡሩ ገና ነው። ፖስታ ሳጥኑ እዛ ጋ ነው፣ እሷን ትቼ ለመነሳት ፈርቻለሁ።


ሴማርዲህ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1954

ለልጄ ለሱክዋሮ። አፈር አይንካሽ። እኔ እናትሽ ነኝ፣ የምትጽፊ አንቺ ስለሌለሽ መምህሩ ነው የሚጽፍልኝ፣ እኔ የምለውን።

መድረሳችሁን የጻፍሽው ደርሶናል። አባትሽ ባልሽ ምግብ ይወዳል ወይ ብለሽ ጠይቂያት አለኝ። ጠይቄያለሁ።

ፋጉራም ያን ቀን ሳይበላ መጣ። የቦጃሊሽ የቢሳሂን አባት ልጄስ አለው። ፋጉራም እህቷን ሸኝታ ባቡሩ ውስጥ ሳለች ተንቀሳቀሰባት፣ ዝለዪ ብላት ትሞትብኛለች ብዬ ተውኳት አለው። ልጄ ሲዋሽ ያየሁት የዛን ቀን ነው፣ አይችልበትም። ሰውየው ገባው። የሸክላ ድስት አምጥቶ ደጁ ላይ ሰበረ፣ ልጅ የለኝም ሞታለች አለ። ስባሪው እስካሁን እዛው ነው፣ ማንም እንዲያነሳው አይፈቅድም። ስለዚህ ለዘንድሮው የቲጃ በዓል ወንድምሽ ሊያመጣችሁ አይመጣም። አትምጡ። ሴት ልጅ ለቲጃ እናቷ ቤት ትመጣለች፣ አውቃለሁ። አትምጡ።

ፋጉራም አግብቷል። ልጅቷ ደህና ናት፣ ሥራ ታውቃለች። እሱም ይስቅላት ጀምሯል፣ ትንሽ ትንሽ።

ቡድሁ ሰው ሊያደርስ መጥቶ ስለነበር ጥቅል ሰጥቼዋለሁ። ቀዩ ሳሪ ያንቺ ነው፣ የቲጃሽ። ሰማያዊው የቢሳሂን ነው። ያን እኔ አልገዛሁትም። እናቷ ኩሬ ዳር ልብስ ሳጥብ አጠገቤ መጣች፣ ሳሪውን አጥፋ ከኔ ልብስ ላይ አስቀመጠችውና ቅርጫቷን ይዛ ሄደች። ንገሪያት።

ከስር በጨርቅ የተጠቀለለው የአንገቴ ብር ነው፣ አማቴ ወደዚህ ቤት ስገባ ያደረገችልኝ። ለፋጉራም ሚስት የእግሬን አልቦ ሰጠኋት፣ የአንገቱ በክፉ ቀን ተሸጠ አልኳት። ይሄ ለቢሳሂን ነው። አንቺ አታድርጊው፣ ያንቺ አይደለም። አንገቷ ላይ አንቺው አድርጊላት፣ እኔ ስለሌለሁ።

መምህሩ ብዕሩን አቁሞ "ይሄ ለምራት አይደለም እንዴ የሚሰጠው?" አለኝ።

የነገርኩህን ጻፍ አልኩት። ጽፏል።